ወፍ ያጥባል?

የጋሽ ሸምሱን ሞት የነገረኝ ከድር ነው። ከድር መርዶ መናገር አይችልበትም። ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ቴምቢሳ ባለችው ሱቄ ውስጥ ቆሜ በብረት ፍርግርጉ በኩል ለአንዲት ደንበኛዬ ዳቦ ሳቀብል ስልኬ ጠራ። «ፓስተር፣ ያ ሳሙና የሚከለክልህ ሽማግሌ ሄደልህ» አለኝ። የለመድኩት ቀልዱ መስሎኝ «ደግሞ የት ሄዱ?» አልኩት። የሰማሁት ለቅሶውን ነው። ከድር በጋሽ ሸምሱ ላይ ሲስቅ እንጂ ለማንም ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደንበኛዬ ፊቴን አይታ «ቡቲ፣ ወንድሜ፣ ቤተሰብ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

ፓስተር እንኳ አይደለሁም። ስሜ ጴጥሮስ ነው፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ፤ እሑድ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ቸርች እሄዳለሁ። ማዕረጉን የሰጡኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። እሑድ ለስፓዛ፣ ለሰፈር ሱቅ፣ ዋና ገበያ ነውና «በኪሳራ የሚጸልይ ፓስተር» ይሉኝ ነበር። እሳቸው የስልጤ ሰው ናቸው፤ ዓርብ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ቆልፈው መስጊድ ይሄዳሉ። «እርስዎስ በትርፍ ነው የሚጸልዩት?» ስላቸው «እኔማ በጅምላ ነው» ይሉና ጋዋናቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

ጆሃንስበርግ መሐል፣ ዱርንፎንቴን ውስጥ፣ አንድ የድሮ ፎቅ ሥር፣ የሳሙና ጅምላ ነበራቸው። የልብሱም የገላውም የሰሃኑም ሳሙና፣ በረኪናም ስፖንጅም እሳቸው ዘንድ ነው። አጠር ያሉ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ ክረምት ከበጋ ሰማያዊ ጋዋን የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ሌላው ሰው ሽቶ ይቀባል፤ እሳቸው ከሩቅ የሎሚ ሳሙና ይሸታሉ። ከድር ግድግዳ የሚጋራቸው ጎረቤት ነው፤ ብርድ ልብስ ይሸጣል። በእሳቸው ማሾፍ ግን የሙሉ ጊዜ ሥራው ነበር ማለት ይቻላል።

የሚያሾፍበት አላጣም። ጋሽ ሸምሱ ባንኮኒያቸው ሥር የተቃጠለ የሞተር ዘይት በትንሽ ቆርቆሮ ያስቀምጣሉ። አዲስ የሰሃን ሳሙና ይዞ የሚመጣ ወኪል ሁሉ መጀመሪያ በዚያ ቆርቆሮ ነው የሚፈተነው። ጣታቸውን ነክረው መዳፋቸውን ጥቁር እስኪሆን ይቀባሉ፤ ጠብታ ሳሙና ያደርጋሉ፤ ለብ ባለ ውኃ ቀስ ብለው ያሻሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው መስመሮቹን አንድ በአንድ ያያሉ። መስመሮቹ ነጽተው ከታዩ «ይሄ ወፍ ያጥባል» ይላሉ። ጥቁር ከቀረባቸው ደግሞ ጠርሙሱን ወደ ወኪሉ እየገፉ «ይሄ ወፍ አያጥብም፤ ሰሃን ይታጠብበት» ይላሉ፣ ሰሃን ማጠብ ትልቅ ውርደት ይመስል። አንድ ክራቫት ያሰረ ወኪል «ባባ፣ የምን ወፍ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ፔንጉዊን» አሉት። ወኪሉ ጆሃንስበርግ ከባሕር ምን ያህል እንደሚርቅ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

ንግግሩ የሰፈሩ ሁሉ ሆነ። ስልክ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ወፍ ያጥባል?» ይለዋል። ሚስት ሊያመጣ ነው የተባለ ልጅ ይጠየቃል፤ አዲስ ሰባኪ ሲመጣ እኔም ቸርች ውስጥ አፌ ላይ መጥቶብኝ አውቃለሁ።

የወፉን ታሪክ ራሳቸው ነበር የሚነግሩን። ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን ላይ ተቀምጠን ስንበላ አንዱ ነገር ይቆሰቁሳል፤ እሳቸው «ተዉኝ እባካችሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ይጀምራሉ። ጆሃንስበርግ ከመምጣታቸው በፊት ፖርት ኤልሳቤጥ፣ ባሕር አጠገብ ካለ ሎኬሽን፣ የጥቁሮች ሰፈር፣ ውስጥ ስፓዛ ነበራቸው። አንድ መርከብ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ተሰበረና ዘይቱ ወደ ዳር ወጣ። በማግሥቱ ጋሽ ሸምሱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንደ ልማዳቸው በዳርቻው ሲሄዱ አሸዋው ላይ ጥቁር ፌስታል ወድቆ አዩ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ፌስታሉ ቆመ።

ዘይት የተነከረ ፔንጉዊን ነበር። ይንቀጠቀጣል። ጃኬታቸውን አውልቀው ጠቀለሉትና ሱቅ ወሰዱት። እዚህ ላይ ከድር ሁልጊዜ «አሁን ጥበቡን ስሙ» ይላል። ጋሽ ሸምሱ ስለ ፔንጉዊን የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሸጡት አይስክሬም ካርቶን ላይ ሥዕሉ አለ፤ ሥዕሉ ውስጥ ወፉ በረዶ ላይ ቆሞ ይስቃል። እሳቸውም አሰቡበት። ይህ የበረዶ አገር ፍጥረት ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ሙቀቱ አልስማማው ብሎ ነው። የመጠጥ ፍሪጁን ከፈቱ፤ ከታችኛው መደርደሪያ ኮካውንና ፋንታውን አወጡ፤ ወፉን አስገቡት። እንዳይርበውም በቲማቲም የተሠራ የቆርቆሮ ሳርዲን በሰሃን አቀረቡለት።

ቀዝቃዛ መጠጥ ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት በመስታወቱ ውስጥ ወፉ ሲያያት ጮኻ ወጣች። የባሕር ወፍ ለሚያክሙ ሰዎች የደወለችው እሷ ናት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ቀይ ፊት ነጭ ሴትዮ ከነቦት ጫማዋ ገባች፤ ታኒ ሪታ። ታኒ ማለት እዚያ አገር አክስት እንደ ማለት ነው። ፍሪጁን ከፍታ ወፉን ደረቷ ላይ ለጠፈችውና «ብርድ ነው እኮ! አንተ ሰውዬ፣ የሚያንቀጠቅጠው ብርድ ነው!» አለች። ለካ ዘይት የነካው ላባ ውኃም ብርድም መከልከል አይችልም፤ ወፉ በበጋም ቢሆን በብርድ ይሞታል። ያም ወፍ ከሱቁ ሳይወጣ እጇ ላይ ሞተ።

ታሪኩ እዚህ ሲደርስ እንስቅ ነበር። ጋሽ ሸምሱም ይስቃሉ፤ ግን ሁልጊዜ ከእኛ ቀድመው ያቆማሉ። በዚያው ቀን ሱቃቸው ውስጥ የነበረውን የሰሃን ሳሙና በሙሉ ተሸክመው ታኒ ሪታ ዘንድ ሄዱ። ሳሙናውን ተቀበለቻቸው። ሊረዱ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ ግን በሩ ላይ አቆመቻቸው። «አንተ ሳሙና ብቻ። ወፍ አትነካም።» ከዚያ በኋላ ሱቃቸው በአንድ ግርግር ተዘርፎ ወደ ጆሃንስበርግ መጡ፤ ሳሙናው ግን አልተቋረጠም። ጭነት በመጣ ቁጥር አንድ ካርቶን ላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣል። የወፎቹ ድርሻ ነው። ዓመት ሲሞላ በጭነት መኪና ይላካል።

«ለሰው ዘካ ይወጣል፤ ጋሽ ሸምሱ ለዶሮ ያወጣሉ» ይላል ከድር። አንድ ቀን ግን ጠንከር ያለ ነገር ጠየቃቸው። «ቆይ እስቲ፣ ያጥባል ያጥባል ይላሉ፤ ታጥቦ ባሕር የገባ ወፍ በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?» ጋሽ ሸምሱ መዳፋቸውን በጨርቅ እያደረቁ ቆዩ። «አላየሁም» አሉ።

እኔ ደግሞ ሱቃቸው በገባሁ ቁጥር «ዛሬ ፍሪጁ ውስጥ ማን አለ?» እላቸዋለሁ። «ቦታ አለ፣ ግባ» ይሉኛል። ሰላምታችን ይህ ነበር።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሎክዳውን ታወጀ፤ ከተማው ጭር አለ፤ ምግብና ሳሙና የምንሸጥ ብቻ በፐርሚት እንድንከፍት ተፈቀደልን። ቴምቢሳ ውስጥ ሰው ከዳቦ እኩል ሳሙና ይጠይቀኝ ጀመር። ከፋብሪካ የሚመጣው ደግሞ ተቆራረጠ። አንድ ቀን ዱርንፎንቴን ስደርስ የጋሽ ሸምሱ መጋዘን ባዶ ነው፤ ላይኛው መደርደሪያ ብቻ እስከ ጣሪያው ሞልቷል።

«ከወፎቹ ላይ ያበድሩኝ» አልኳቸው።

«አልችልም።»

«ጋሽ ሸምሱ፣ ሰው እጁን የሚታጠብበት አጣ እኮ!»

«የገላውን ሳሙና በር ላይ ቁጭ አድርጌ ለአላፊ አግዳሚው ስሰጥ አላየህም? አልቋል። ይሄ ግን የኔ አይደለም። ሰው ሳሙና ቢያጣ ጎረቤቱን ይለምናል። ወፍ ማንን ይለምናል?»

ከድር ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ «ማስክም ይግዙላቸው!» ብሎ ጮኸ። እኔም ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ባኪዬን፣ ያቺን ፒክአፔን፣ አስነስቼ ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ራሳቸው ደወሉልኝ። «ፓስተር፣ ባኪህ ደህና ናት?» ድምፃቸው ሌላ ነው። ፖርት ኤልሳቤጥ ኃይለኛ የክረምት ማዕበል መጥቶ አሸዋውን ጠርጎ ወስዶታል፤ ከሥሩ ያ የድሮው ዘይት ወጥቷል። ሌላ መርከብ አልተሰበረም። ጸድቷል የተባለው ያው የዚያን ጊዜ ዘይት ድንጋይ ሥር ተኝቶ ኖሮ ወፎቹን እንደገና ያዛቸው። ታኒ ሪታ ሳሙና አልቆባታል፤ በጎ ፈቃደኞች እንዳይሰበሰቡ ስለተከለከለ ሰውም የላትም። የጭነት ድርጅቱ ደግሞ ያን ሰሞን ዘግቷል።

መናደዴ የት እንደገባ አላውቅም። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ካርቶኖቹን ጭነን ወጣን። ስኳር ሕመም ስላለባቸው የሚስታቸው አደራ ብዙ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ከመድኃኒታቸው በፊት የዘይት ቆርቆሯቸውን ነው የያዙት። ኦሬንጅ ወንዝ ድልድይ ላይ ፖሊሶች አስቆሙን። «ዕቃ እያደረስን ነው ይበሉ፣ ሌላ ነገር አይናገሩ» ብዬ መክሬያቸው ነበር። ፖሊሷ ፐርሚቱን እያየች «ወዴት ነው?» ስትል ጋሽ ሸምሱ መስታወቱን አውርደው «ፔንጉዊን ልናጥብ» አሏት።

ጓደኞቿን ጠራች። «ኑ፣ ይሄ ባባ የሚለውን ስሙ!» ከመጡት አንዱ የመኪና ጎማ ሲቀይር ቆይቶ እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ጋሽ ሸምሱ ወርደው ከካርቶን ጠርሙስ አወጡ፤ መዳፉ ላይ ጠብ አደረጉለትና የመጠጥ ውኃችንን አፈሰሱለት። ልጁ እጁን አገላብጦ አየው። «ሂድ ባባ፣ ሂድ እጠባቸው» አለ። ከዚያ ድልድይ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ድል ያደረገ ሰው ፊት ነበር አጠገቤ የተቀመጠው።

በነጋታው ጠዋት ወደ ወፎቹ ቤት ከመግባታችን በፊት ባሕሩን ላሳይህ አሉኝ። ንጹሕ ነበር፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ። «ምንም የለም እኮ» አልኳቸው። በጫማቸው ተረከዝ አሸዋውን ትንሽ ቆፈሩ። ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ተጎልጉሎ ወጣ። በጣታቸው አንስተው አሸተቱትና ፊታቸው ተለወጠ። «ያው ነው» አሉ። «የእኔ ወፍ ላይ የነበረው ነው። ይኸው እስካሁን እዚህ ነው።» ጣታቸውን በባሕሩ ውኃ ሲያጥቡት አለቅም አለ።

ታኒ ሪታ በር ላይ ጠበቀችን። ፀጉሯ ሁሉ ሸብቷል። ጋሽ ሸምሱን ከራስ እስከ እግር አየቻቸውና «ፍሪጁንም ይዘህ መጣህ?» አለች። ይህን የምንለው እኛ ብቻ አልነበርንም ማለት ነው። ካርቶኖቹን አወረድን። ጋሽ ሸምሱ ከበሩ ውጭ ቆሙ፤ እንዲገቡ አልጠየቁም። ሪታ ወደ ውስጥ አየች። ሦስት ሠራተኞች ብቻ፣ ደክሟቸው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ሣጥኖቹ በጥቁር ወፍ ተሞልተዋል። የፕላስቲክ ሽርጥ አንስታ ወረወረችላቸው። «አንድ ወፍ» አለች። «አንድ ብቻ።»

ያዥ እኔ ሆንኩ፤ አጣቢው እሳቸው። ፔንጉዊን ሥዕሉ ላይ እንደሚስቀው አይደለም፤ ጓንቴን አልፎ ነክሶኝ ጠባሳው እስከዛሬ አለ። ጋሽ ሸምሱ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ውኃው ጥቁር ይሆናል፤ ይደፋል፤ ሌላ ይመጣል። በዓይኖቹ ዙሪያ በጥርስ ብሩሽ፣ በክንፉ ሥር በጣት። በየመሐሉ ቀና እያሉ «ፓስተር፣ ውኃው ሙቅ ነው?» ይሉኛል። «ሙቅ ነው።» ትንሽ ቆይተው እንደገና፣ «እርግጠኛ ነህ ሙቅ ነው?» እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አልሳቀም። መጨረሻ ላይ ከጥቁሩ ሥር ነጭ ደረት ወጣ። ጋሽ ሸምሱ ያን ደረት እንደ ሳሙና ናሙና ወደ መብራቱ አዙረው መረመሩት። እንባቸው በማስኩ ውስጥ ሲወርድ አየሁ፤ ያየሁ ግን አልመሰልኩም።

ወዲያው ባሕር ይገባል ብለው ነበር። ሪታ ሳቀች። ላባው ውኃ መከልከል እስኪችል ሳምንታት መቆየት አለበት። ሆኖም ሲደርስ ልደውልልህ፣ ሣጥኑን ራስህ ትከፍታለህ አለቻቸው። መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ሣጥን ብቻ አወሩ። «አንድ ጊዜ፣ ከእጄ ወጥቶ በሕይወቱ ባሕር ሲገባ ባየው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉኝ። ቃላቸው ነው፤ ለማስዋብ የጨመርኩት የለም።

በዚያው ክረምት ጆሃንስበርግን በሽታው አጥለቀለቃት። ጋሽ ሸምሱን ያዛቸው። ሆስፒታል ገቡ፤ ጠያቂ አይፈቀድም፤ ስልክ ብቻ። ከድርና እኔ በተራ እንደውላለን። እኔ «ፍሪጁ ውስጥ ማን አለ?» እላቸዋለሁ። «እኔ» አሉኝ አንድ ቀን፣ በኦክስጅኑ ውስጥ ሆነው። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ፈራሁ።

ታኒ ሪታ የደወለችው ይህን ጊዜ ነው። የጋሽ ሸምሱ እንግሊዝኛ እምብዛም ስለሆነና ትንፋሻቸውም ስለሚያጥር ሦስታችንን በአንድ መስመር አገናኘችንና እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። ወፉ ደርሷል አለች። ዋኝቷል፤ ላባው ደረቅ ሆኖ ወጥቷል፤ ጓደኞቹ ሁሉ ሄደዋል። «ግን አይዞህ፣ ቃሌ ቃል ነው። እስክትድን ገንዳው ውስጥ አቆየዋለሁ፣ ዓሣ እየሰጠሁ።» ተረጎምኩላቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር የጠበቅኩት።

«እኔን ለምን ይጠብቃል?» አሉ። «ደርሶ ሳለ እኔን ከጠበቀ፣ ያው ፍሪጅ ነው። ትልቀቀው በላት።»

ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ሪታም «እሺ፣ እለቅቀዋለሁ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ከባሕሩ ዳር ደወለችልን። ነፋስ ይሰማል፤ ማዕበል ይሰማል። ሣጥኑን መሬት ስታስቀምጥ፣ መክደኛውን ስታነሳ ሰማን። «ቆሟል» አለች። «እየሄደ ነው። ገባ። ገባ፣ ሄደ!» እኔ ቴምቢሳ፣ ሱቄ ውስጥ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ዞር ብሎ አየ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ጠየቅኳት። አላየም አለች።

«ባለጌ ነው» አሉ። ሲስቁ ሳል ያዛቸው፤ እስኪያልፍላቸው ጠበቅናቸው። «ፓስተር፣ ለከድር ንገረው። ያጥባል በለው።»

ከዚያ በኋላ ስልካቸውን አላነሱም። በሁለተኛው ቀን ከድር ደወለልኝ።

ቀብር ላይ ጥቂት ሆነን፣ ተራርቀን፣ ማስክ አድርገን ቆምን፤ ለማውራት የሚመች አልነበረም። መልእክቱን ለከድር የነገርኩት ሱቁን የእህታቸው ልጅ ተረክቦ እንደገና ሲከፈት ነው። ከድር ሰማኝ። እንደ ወትሮው ይቀልዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብድግ ብሎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ካርቶን ሳሙና ተሸክሞ ተመለሰ። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ከሥር የተቃጠለውን ዘይት ቆርቆሮ አወጣ። ጣቱን ነከረ፤ መዳፉን ቀባ፤ ሳሙናውን ጠብ አደረገ፤ ለብ ባለ ውኃ ቀስ ብሎ አሸ። ከዚያ መዳፉን ወደ መስኮቱ አዞረልኝ።

«እየው እስቲ፣ እኔ አይታየኝም» አለ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። «ወፍ ያጥባል?»

መስመሮቹን አንድ በአንድ አየሁለት። ያጥባል አልኩት። መሰላሉን አምጥቶ ካርቶኑን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣው።